ያልረጋው እርጎና ቀዩ ወርቅ

«ወተቱ አልረጋ አለኝ።»

እትዬ ማክሰኞ ማታ ደውለው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ያወጡት ነገር ይህ ነበር። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው። እሑድ ጧት የታለበውን ወተት በወይራ ባጠኑት ቅል አድርገው፣ ከድነው፣ እንደ ሁልጊዜው ጥግ አስቀምጠውታል። ማክሰኞ ሲከፍቱት እንደገባ አገኙት፤ ቀጭን፣ ሽታውም የእርጎ ያልሆነ። የሰኞውም በሌላ ዕቃ እንደዚያው ሆኖ ቀረ።

«ዓይን ይሆን እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ላይ ሦስት ላሞች አሏቸው፤ እርጎ ማርጋት የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። በሰፈሩ የማንም ወተት እንቢ ቢል ሰው የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የኬሚስትሪ ማስተርሴን እየሠራሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ ወተት ውስጥ የቀረ አንቲባዮቲክን በወርቅ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን በማይታይ የወርቅ ድቃቂ፣ መለየት ነው። ስለዚህ ከዓይን በፊት ሌላ ነገር መጣብኝ።

«እትዬ፣ ከላሞቹ ታማ የነበረች አለች?»

«ቦራ ናታ። የኋላ ግራ ጡቷ አብጦ ወተቱ ቋጠሮ ቋጠሮ ይል ነበር። ቅዳሜ ልጁ መጥቶ በጡቷ ቀዳዳ መድኃኒት ከተተላት፣ እሑድም ሰኞም ተመላልሶ ጨመረላት። አሁን ደህና ናት፣ እግዜር ይስጠው።»

«ወተቷን አስረክበዋል?»

«አስረከብኩ እንጂ፤ ማን ይጥለዋል?»

ወተት መሰብሰቢያው በር ላይ የሚመልሳቸው ነገር አልነበረም። እዚያ የሚደረገው ሁለት ነገር ነው። ላክቶሜትር ወተቱ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ተጨምሮ ከሆነ ያጋልጣል። ከዚያ ትንሽ ወተት ከአልኮል ጋር ይቀላቀላል፤ መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ይቋጥራል። የቦራ ወተት ውሃ አልነካውም፣ አልኮመጠጠም። መኮምጠጥ ያቃተው ወተት ነበርና ፈተናውን በደንብ አለፈ። ከዚያም ከጎረቤቶቹ ሁሉ ወተት ጋር በአንድ ታንከር ገባ።

የእትዬ እርጎ ግን ያዘው። ወተትን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት ወተቱ ውስጥ ካለ እነሱም አይሠሩም። በትልልቅ የወተት ፋብሪካዎች በዓለም ሁሉ የሚሠራበት አንድ ምርመራ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ሙቀት የሚወድ፣ ለአንቲባዮቲክ ቶሎ የሚሸነፍ ባክቴሪያ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ወተቱ ይጨመርበትና በ64 ዲግሪ ይቀመጣል። ባክቴሪያው ካደገ አሲድ ያመነጫል፣ ሐምራዊው ቀለም ወደ ቢጫ ይዞራል። ሐምራዊ ሆኖ ከቀረ መድኃኒት አለ ማለት ነው። ይህን በስልክ ለእትዬ ስነግራቸው «እኔ ቅሉን ወቅሼ» ብለው ዝም አሉ።

ዝምታቸው ይገባኛል። ከሦስቱ ላሞች የወተቱን ግማሽ የምትሰጠው ቦራ ናት፤ የፈረንጅ ዲቃላ ናት። የሁዳዴን 55 ቀን ወተት ገዢ አጥቶ ቅቤ ሲንጡ፣ ቅቤውንም ለፋሲካ ሲያስቀምጡ ቆይተው፣ ገበያው በተከፈተ በሳምንቱ ነው ወተቷን አትስጡ ያልኳቸው። የሦስት ላም ባለቤት ለሆነ ሰው ይህ የመኖ ገንዘብ ነው።

ረቡዕ ሄድኩ። የመድኃኒቱ ማሸጊያ ከበረቱ ግድግዳ ሥር ወድቆ አገኘሁት፤ ልጆች ሲጫወቱበት ሰንብተዋል። ሁለት ስም አለበት፤ ፔኒሲሊንና ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን። ከሥሩ በደቃቅ እንግሊዝኛ፣ ከመጨረሻው ቱቦ በኋላ ለ4 ቀን ወተቱ ለሰው ምግብ እንዳይውል ይላል። መድኃኒቱን የከተተው ሰው ይህን አልነገራቸውም። እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም። እዚያ ቆሜ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ዓመት ስለዚህ ነገር ስደክም ቤተሰቦቼ ውስጥ እንዲህ እንደሚያልፍ አንድም ቀን አለመጠየቄ ከበደኝ።

«ስትሬፕቶማይሲን» ብዬ ሳነብላቸው እትዬ ስሙን አወቁት። ባለቤታቸው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ የሳንባ ነቀርሳ ሲያገረሽባቸው ለሁለት ወር በየቀኑ የተወጉት እሱኑ ነው፤ የላሟ ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን የሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ከዚያ ወዲህ ጆሯቸው በደንብ አይሰማም፤ መድኃኒቱ የውስጥ ጆሮን ይጎዳል። ሕይወታቸውን ግን አትርፏል። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሴልማን ዋክስማን ላቦራቶሪ አልበርት ሻትዝ ያገኘው ነው፤ የሳንባ ነቀርሳን ሊያድን የቻለ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ እሱ ነበር። ወተት ውስጥ የሚቀረው መጠን ጆሮ አያደነቁርም፤ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሳያውቅ ይጠጣዋል። ከዚያም ባሻገር፣ ባክቴሪያዎች በትንሽ በትንሹ እየቀመሱት ይለምዱታል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። የዚህ ምንጭ ወተት ብቻ አይደለም፤ ዋናውም አይደለም። ግን ጋሼን ያዳነው መድኃኒት ዘመድ ሳይታወቅ በስኒ እየተቀዳ ሲታደል ማየት ያመኛል።

ስንት ሲሆን ነው በዛ የሚባለው? ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ አሊመንታሪየስ፣ ለወተት ያስቀመጠው ጣሪያ ለስትሬፕቶማይሲንና ለዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን በሊትር 200 ማይክሮ ግራም ነው። ለቴትራሳይክሊኖች፣ የእኛ ገበሬ «ኦክሲ» የሚለው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከነሱ አንዱ ነው፣ 100። ለፔኒሲሊን 4። በሊትር 4 ማይክሮ ግራም ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በአንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ እንደመበተን ነው። ወተቱን ማፍላት ይህን አያጠፋውም፤ ስትሬፕቶማይሲን እሳትን በደንብ ይቋቋማል፣ ፔኒሲሊንም በፈላ ወተት ውስጥ አብዛኛው ይተርፋል።

ወርቁ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ወርቅ ሲደቅ ወርቃማ አይደለም። አንድ ግራም የወርቅ ክሎራይድ በትንሽ ጠርሙስ ታሽጎ ይመጣል፤ ብርቱካንማ ነው፣ አየር ሲነካው ይረጥባል። ከሱ 39 ሚሊ ግራም ያህሉን በ100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ አሟምቼ አፈላዋለሁ። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናትና ውሃው በ92 አካባቢ ይንተከተካል፣ እሱም ይበቃል። ከዚያ ሲትሬት፣ ከሎሚ አሲድ የሚሠራውን ጨው፣ አንድ ጊዜ እጨምርበታለሁ። ፈዛዛ ቢጫው ይጠፋል። ለጥቂት ጊዜ ምንም የሌለው ውሃ ይመስላል። ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ይጠይማል፣ ከዚያ ልክ እንደ ቀይ ወይን ይቀላል። ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም፤ ያ ቀይ በመጣ ቁጥር ሥራዬን ትቼ አየዋለሁ። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ኬሚስቱ ተርኬቪች ነው፣ ፍሬንስ በ1973 የቅንጣቱን መጠን መቆጣጠር አስተማረበት። ቀዩን ግን ከነሱ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1857፣ የእንግሊዙ ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ ለንደን ላይ ወርቅ መሆኑን አሳይቷል፤ የሠራቸው ጠርሙሶች እስከ ዛሬ እዚያው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው የሳይንስ ተቋም ተቀምጠዋል።

የኔ ቅንጣቶች ስፋታቸው 13 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የጸጉር ዘለላ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። በዚህ መጠን ያለ ወርቅ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ብርሃን ሲመታቸው አንድ ላይ ይወዛወዛሉ፤ አረንጓዴውን ብርሃን፣ የሞገዱ ርዝመት 520 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነውን፣ ይውጡታል። የሚተርፈው ለዓይናችን ቀይ ነው። ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ሲነካኩ ውዝዋዜያቸው ይያያዝና የሚውጡት ብርሃን ይለወጣል፤ ውሃው ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሳይጠጋጉ የሚያቆያቸው በላያቸው የተለጠፈው ሲትሬት ነው። አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት አለውና ሁሉም እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ስትሬፕቶማይሲን በተቃራኒው አዎንታዊ ሙላት ይዞ ይገባል፤ በአንድ እጁ አንዱን ቅንጣት በሌላው ሌላውን ይዞ ያጣብቃቸዋል። መድኃኒት ሲኖር ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል። ማሽን ባይኖርም ዓይን ያየዋል።

ዋጋውንም አስልቼ ነበር። አንድ ግራም የወርቅ ክሎራይድ ሁለት ሊትር ተኩል ቀይ ውሃ ያወጣል። ለአንድ ምርመራ ግማሽ ሚሊ ሊትር ከበቃ፣ 5,000 ምርመራ ነው፤ በአንዱ ምርመራ ላይ የሚወጣው ወርቅ አንድ አሥረኛ ሚሊ ግራም ነው። ውድ የሆነው ወርቁ ሳይሆን መጠበቁ ነው። ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ታዝዞ እስኪደርስ ወራት ቆጥሬያለሁ። አንድ ቀን በደንብ ባልታጠበ ፍላስክ ሠርቼ ሙሉው ጠቁሮ ሲዘቅጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆዎቼን ሁሉ ወርቅን ራሱን በሚያሟሟው የሃይድሮክሎሪክና የናይትሪክ አሲድ ቅልቅል ሳላጥብ አልነካም።

በንጹሕ ውሃ ውስጥ ምርመራው ያምራል። በኮዴክስ ጣሪያ ልክ መድኃኒቱን ስጨምር የቀለም መለኪያው ማሽን፣ ስፔክትሮፎቶሜትሩ፣ ለውጡን ያሳየኛል። በወተትም ሠርቼ ነበር፤ ከሱቅ የተገዛ ወተት ላይ መድኃኒቱን በገዛ እጄ ጨምሬ፣ ፕሮቲኑን አውጥቼ፣ የቀረውን በብዙ ውሃ አቅጥኜ። የብዙ ሰው ጥናት እንዲህ ነው የሚሠራው፤ እኔም የተማርኩት ያንን ነው። የታመመች ላም፣ መድኃኒቱ በአካሏ አልፎ የወጣ ወተት፣ ከእትዬ ስልክ በፊት እጄ ገብቶ አያውቅም።

እትዬ ሁለት ነገር አደረጉልኝ። ረቡዕና ከረቡዕ ወዲህ በየጧቱ ከቦራ ወተት በትንሽ ጠርሙስ እየቀዱ ጎረቤት ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጡልኝ፤ ከሌላዋ ጤነኛ ላምም እንደዚሁ። ከዚሁ ጎን በራሳቸው ሐሳብ፣ የየቀኑን ወተት በአንድ አንድ ጣሳ እያደረጉ ለእርጎ ደረደሩት። «አንቺ በወርቅሽ እይው፣ እኔ በጣሳዬ አያለሁ» አሉ። በሳምንቱ ጠርሙሶቹን በበረዶ ሣጥን አድርጌ 130 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ ይዣቸው መጣሁ። ሣጥኑን ከጭኔ አላወረድኩትም።

መጀመሪያ ጥሬውን ወተት ቀጥታ ወርቁ ላይ ጠብ አደረግኩ። ምንም። ቀዩ ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ ሮዝ ሆነና ቀረ። የረቡዕ ወተት፣ ገና በመድኃኒቱ የተሞላው፣ እንደ ጤነኛዋ ላም ወተት ሮዝ ነው። ከመጨረሻው ቱቦ በኋላ ሁለት ቀን ያልሞላው ወተት ንጹሕ ተብሎ አለፈ።

ፕሮቲኑን በአሲድ አረጋሁና እያሽከረከረ በሚለይ ማሽን፣ በሴንትሪፊውጅ፣ ለየሁት፤ የቀረውን አጓት ወርቁ ላይ ጨመርኩ። የረቡዕ ወተት ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። እጄ እየተንቀጠቀጠ የጤነኛዋን ላም ጨመርኩ። እሷም ሰማያዊ ሆነች።

ያን ቀን ማታ ለማንም አልደወልኩም።

ሁለቱም ስህተት ምክንያት አላቸው፤ የመጀመሪያው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ሪቻርድ ዚግሞንዲ የተባለ የኦስትሪያ ተወላጅ ኬሚስት፣ በኋላ የ1925ን (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 «የወርቅ ቁጥር» የሚባል መለኪያ አውጥቷል። 10 ሚሊ ሊትር ቀይ የወርቅ ውሃ ላይ ጨው ሲጨመር ቀለሙ እንዳይለወጥ ለማዳን ስንት ሚሊ ግራም ፕሮቲን ይበቃል የሚል ነው። ጥቂት ብቻ ይበቃል፤ ኬዚን፣ የወተት ዋናው ፕሮቲን፣ ከብርቱዎቹ ጠባቂዎች አንዱ ነው። ጥሬ ወተት ውስጥ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ፕሮቲኑ ወርቁን አለበሰው፣ መድኃኒቱ የሚይዝበት ቦታ አጣ። ፕሮቲኑን ሳወጣ ደግሞ ሌላው መጣ። ወተት በሊትር ከአንድ ግራም በላይ ካልሲየም አለው፤ አሲዱም አለ። ሁለቱም ያለ ምንም መድኃኒት ወርቁን ያጣብቃሉ። ከሱቅ ወተቱ ጋር ያልተቸገርኩት በብዙ ስላቀጠንኩት ነበር፤ ሃያ እጥፍ ካቀጠንኩት ግን 200 ማይክሮ ግራሙም 10 ይሆናል። ካልሲየሙ ሲሳሳ የምፈልገውም አብሮ ይሳሳል። ይህንን ማየት የነበረብኝ ገና ድሮ ነው።

ካልሲየሙን የሚይዝ ነገር ጨመርኩ፤ ራሱ ጨው ነውና ወርቁን አናወጠው። አሲዱን ላለዝብ ሌላ ጨመርኩ፤ ያም ጨው ወለደ። ሌላም ነገር አለ፤ አዎንታዊ ሙላት ያለው ሁሉ ለወርቁ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ 300,000 ገደማ ሕፃናትን ያሳመመው፣ ስድስቱን የገደለው ሜላሚን፣ እሱም ይህንኑ ቀይ ወርቅ ሰማያዊ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ሜላሚንን በዚሁ መንገድ ለመለየት ብዙ ተሠርቷል። ወርቁ ብቻውን መድኃኒቱን በስሙ አያውቀውም። ስሙን የሚያሳውቀው አብሮት የሚቀመጥ ነገር ያስፈልገዋል፤ ፀረ እንግዳ አካል ወይም አፕታመር፣ አንድን ሞለኪውል መርጦ እንዲይዝ የተመረጠ አጭር ዲኤንኤ። የአፕታመር አመራረጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው የተጀመረው። እሱንም አይቼዋለሁ፤ መብራት በሚጠፋበት ቤት የዲኤንኤ ፍሪዘር መጠበቅ ሌላ ትግል ነው።

በመጨረሻ የሠራልኝ ማጣሪያ ነው። አዎንታዊ ሙላት ያለውን ይዞ የሚያስቀር ትንሽ ቱቦ፤ አጓቱን ታሳልፍበታለህ፣ ስኳሩም ስቡም ያልፋል፣ ታጥበዋለህ፣ ከዚያ መድኃኒቱን ሊተን በሚችል አሲድ አስለቅቀህ፣ አድርቀህ፣ በንጹሕ ውሃ ትመልሰዋለህ። እንዲህ ሳደርግ የረቡዕ ወተት ሰማያዊ ሆነ፤ የጤነኛዋ ላም ቀይ ሆና ቀረች። በየቀኑ የቦራ ወተት ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ቀይ ሲመለስ በተከታታይ ጠርሙሶች ቆሞ አየሁት። በሥራዬ ያየሁት ከሁሉ የሚያምር ነገር እሱ ነው።

ግን ግማሽ ቀን ፈጀ። በሴንትሪፊውጅ፣ በማድረቂያ፣ በሦስት ዓይነት ፈሳሽ። ይህን ወተት መሰብሰቢያ በር ላይ፣ ጧት 12 ሰዓት፣ ሃያ ሰው ጣሳውን ይዞ በተሰለፈበት ማድረግ አይቻልም። ጽሑፌ ውስጥ «ቀላል፣ ፈጣንና ርካሽ ዘዴ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። አወጣሁት። አማካሪዬ ለምን አወጣሽው ሲለኝ የእትዬን ጠርሙሶች አሳየሁት፤ እሱም አልመለሰውም።

አንድ ሌላም ነገር ጽሑፉ ውስጥ በግልጽ አስገባሁ። እኔ ያየሁት ስትሬፕቶማይሲኑን ነው። አብሮት የገባው ፔኒሲሊን ጣሪያው ሃምሳ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ወርቄ ቀይ ሆነ ማለት ፔኒሲሊኑ ከ4 ወርዷል ማለት አይደለም። ጓደኛውን አይቶ ስለሱ መመስከር አይቻልም።

በር ላይ የሚሠራ ነገር በዓለም ላይ አለ፤ እሱም በወርቅ ነው። የእርግዝና ምርመራ ላይ የምናየው ቀይ መስመር በብዙዎቹ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ነው። የወተቱም ወረቀት እንደዚያው፤ ወርቁ ፀረ እንግዳ አካል ተሸክሞ ከወተቱ ጋር ወረቀቱን ይወጣል። ልዩነቱ አነባበቡ ነው፤ እንደ መድኃኒት ላሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች መድኃኒቱ ካለ ወርቁን ቀድሞ ይይዘውና መስመሩ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። መስመሩ በደንብ ከታየ ወተቱ ከዚያ መድኃኒት ደህና ነው። ጥሬ ወተት ይቀበላል፣ በደቂቃዎች ይመልሳል፤ ምክንያቱም እዚያ ቀለሙ የሚመጣው ከመጣበቅ ሳይሆን ወርቁ ከቆመበት ቦታ ነው። ኬዚኑም ካልሲየሙም የኔን ወርቅ እንዳወኩት አያውኩትም። እኛ ጋ ሲመጣ ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፣ አብዛኛውም ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። አሁን ልቤ ያለው እዚያ ነው፤ ወርቁን እዚሁ አፍልተን፣ ወረቀቱን እዚሁ መሥራት ላይ። ቀዩን ውሃ የሚሠሩ እጆች በየዩኒቨርሲቲው አሉ።

ቢመጣ ደግሞ መጀመሪያ ማን እጅ መግባት አለበት? ሰው ሁሉ መሰብሰቢያው በር ላይ ይላል። እኔ ግን እትዬን አስባለሁ። በር ላይ ብቻ ቢሆን፣ ምርመራው ለሳቸው ወተት የሚመልስ ዘበኛ ነው፤ የተመለሰ ወተት ደግሞ ታንከር ለሌለው ገዢ፣ ለሻይ ቤት ይሸጣል። ወረቀቱ መጀመሪያ በረት ውስጥ፣ ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ማሸጊያ መገኘት አለበት። እትዬ ላማቸው መቼ እንደጠራች ራሳቸው ይወቁ። ስንት ቀን እንደሚጥሉ የሚያውቁ ሰው የዚያን ያህል ብቻ ይጥላሉ፤ ምንም የማያውቁ ሰው ወይ ሁሉን ይሸጣሉ ወይ ሁሉን ያፈሳሉ። የማሸጊያው ጽሑፍም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ላም በሚታለብበት አገር ቋንቋ ሁሉ ይጻፍ። ለዚህኛው ናኖ ቅንጣት አያስፈልግም።

ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ስሄድ ከቀዩ ወርቅ በአንዲት ክዳኗ በደንብ በተገጠመ ጠርሙስ ይዤላቸው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ወደ ብርሃን አዩት።

«ይሄ ነው ወርቁ?»

«ይሄ ነው እትዬ።»

«የኔን ወተት ያውቀዋል?»

«ገና ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ያውቀዋል፣ እዚህ ገና ነው።»

ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ አራት ጣሳ ተደርድሯል። ከሦስቱ ላሞች ሌላዋ ደግሞ ታማ ነበርና መድኃኒቱ ካለቀ ወዲህ በየቀኑ አንድ አንድ ጣሳ አስቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ በከሰል ቀኑን ጭረዋል። ክዳኑን አንሥተው አሳዩኝ፤ የመጀመሪያው ውሃ ነው፣ ሁለተኛው ውሃ፣ ሦስተኛው ዳር ዳሩን ብቻ ያዝ አድርጓል። አራተኛውን በማንኪያ ነካ አደረጉት፤ ተንቀጥቅጦ ቆመ።

«ማሸጊያው ላይ ስንት ቀን አልሽኝ?»

«አራት።»

«እንግዲያው ዛሬንም አልሰጥም» አሉና ጣሳውን ከደኑት። «ነገ ጧት።»